ከዘጠኝ ቁጥር ሆድ ውስጥ

አባቷ፣ የያኔው መካኒክ፣ ሲያወሩት እንዲህ ነው፦ ዘጠኝ ቁጥር ተዋጊ አውሮፕላን የፊት እግሩ ዘይት ያፈስ ነበር። እሳቸው አይተው፣ እንዳይበር ጽፈው፣ ምሳቸውን ሊበሉ ሄዱ። ሲመለሱ አውሮፕላኑን በአፍንጫው ተደፍቶ አገኙት። ማን እንደለቀቀው እስከ ዛሬ አያውቁም። የአክስቷ ባል፣ የያኔው አብራሪ፣ ሲያወሩት ደግሞ እንዲህ ነው፦ የዚያን ቀን እናታቸው ልጃቸው ሲበር ለማየት ከሩቅ መጥተው፣ ጃንጥላቸውን ዘርግተው ከአጥሩ ማዶ ቆመው ነበር። መካኒኩ ከአውሮፕላኑ ሆድ ሥር ወጣ፣ እጁን በጨርቅ ጠራረገ፣ አውራ ጣቱን ቀስሮ አሳያቸው። አመኑት፤ ተነሡ፤ አንድ ዙር ዞረው ሲያርፉ የፊት እግሩ እንደ ክብሪት እንጨት ታጠፈ። በአባቷ ወሬ ውስጥ አውራ ጣት የለም፤ አጥሩም ጋ ማንም አልቆመም። በአክስቷ ባል ወሬ ውስጥ ደግሞ ጽሑፍ የሚባል ነገር የለም። አንዱ ወሬ መካኒኩን ከሥራው አባርሮ የፍሪጅ ጠጋኝ አድርጎታል፤ ሌላው አብራሪውን ከነደነዘዘ ጉልበቱ ምርኩዝ አስይዞ ቤት አስቀምጦታል። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ሁለቱም ወሬዎች በአንድ ጣሪያ ሥር አድረዋል።

ጣሪያው የአባቷና የአክስቷ ወላጆች የተዉት ነው። ቤቱ በኮምፖንሳቶ ለሁለት ተከፍሏል፤ የፊቱ ሁለት ክፍል የአክስቷና የባላቸው፣ የኋላው ሁለት ክፍል የአባቷና የእሷ ነው። አንድ ቧንቧ፣ አንድ የልብስ ገመድ፣ አንድ የመብራት ቆጣሪ ይጋራሉ። አይጣሉም፤ አይነጋገሩም እንጂ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ቧንቧው ጋ ትከሻ ለትከሻ ቆመው ሳለ እንኳ አባቷ «ለሰውዬው ባልዲውን ያንሣ በይው» ይላሉ፤ እሷም ዞር ብላ «ጋሼ፣ ባልዲውን ያንሡ አሉ» ትላለች፤ ጋሼም «ሰምቻለሁ በይው» ይላሉ። ልጅ ሳለች በየቤቱ እንዲህ ያለ መልእክተኛ ያለ ይመስላት ነበር። ጎረቤት ሄዳ አንድ አባትና አንድ አጎት ያለ ማንም አማላጅ ስለ ዳቦ ዋጋ ሲሟገቱ ያየች ቀን፣ ባለጌዎች ናቸው ብላ ተሸማቃ ወጣች።

አሁን ሠላሳ አምስት ዓመቷ ነው፤ የምትኖረው ፎቶ በማንሣት ነው። ሠርግ፣ ምርቃት፣ የመታወቂያ ጉርድ ፎቶ። ሰሞኑን ግን የአቪዬሽን ሙዚየሙ የድሮ ተዋጊ አውሮፕላኖቹን ለመጽሐፍ እንድታነሣለት አራት ቀን ቀጥሯታል። ሦስቱ ቀን አልቋል። ዘጠኝ ቁጥርን ለመጨረሻው ቀን ያቆየችው ሆን ብላ ነው ለማለት ይከብዳል፤ ግን በድንገትም አልነበረም።

የዚያን ጠዋት ካሜራዋን ስታሰናዳ አባቷ ከሻይ ብርጭቋቸው ላይ ቀና ሳይሉ፣ «ዛሬ ዘጠኝ ቁጥር ነው አይደል?» አሏት።

«እሱ ብቻ ነው የቀረኝ፣ አባዬ።»

አባቷ የዓይን ሞራ ይዟቸዋል። ብርጭቆውን የሚያገኙት በእጃቸው ዳስሰው ነው፤ ጋዜጣ የሚያነቡት የመዳፍ ያህል በሚተልቅ አጉሊ መነጽር አንዲቷን ቃል እያሳደዱ ነው። ዳቦውን ቆረሱ፣ አልጎረሱትም። ከዚያ በሕይወታቸው ነግረዋት የማያውቁትን ነገር ነገሯት። መካኒኮቹ ሁለት ዓይነት ደብተር ነበራቸው። አንዱ ጠረጴዛ ላይ ያለው፣ አለቃ የሚፈርምበት ነው። ሌላው አውሮፕላኑ ውስጥ፣ ጎማው ታጥፎ በሚገባበት ጓዳ ግድግዳ ላይ በእርሳስ የሚጻፍ ነበር፤ «የሆድ ደብተር» ይሉታል። አለቃ በጀርባው ተኝቶ ሆድ አያይም፤ የሚያነበው ተረኛው መካኒክ ብቻ ነው። ሕጉም አንድ ነበር፦ መስመር የከፈተ ይዘጋዋል። ችግር ከጻፍክ፣ ችግሩ በምን እንዳለቀ ደግሞ ከሥሩ ትጽፋለህ፤ የሚቀጥለው ሰው ሲገረም አይደር።

«በስተግራ፣ ከማጠፊያው በላይ» አሉ። «የእኔ ጽሑፍ አለ።»

«ምን ይላል?»

«አይብረር ይላል።»

«ታዲያ አደጋውን ላጣሩት መርማሪዎች ለምን አላሳየሃቸውም?»

አባቷ ፍርፋሪውን በጣታቸው ሰበሰቡ። በምትካቸው ግድግዳው መለሰ። «ለሰውዬው ንገሪልኝ!» አለ የጋሼ ድምፅ ከኮምፖንሳቶው ማዶ፣ ሳቅ ያዘለ። «ሆድ ድረስ ከወረደች አይቀር፣ እዚያው የወደቀ አውራ ጣት ካገኘች ይዛ ትምጣ!»

«አንተ ሻይህን ጠጣ» አሉ አክስቷ እዚያው ማዶ። ከዚያ የማንኪያ ድምፅ ብቻ ቀረ።

«አንብበሽው ነይ» አሉ አባቷ፣ ከበፊቱ ዝቅ ባለ ድምፅ። «አንሺው፤ አንብቢው፤ ነይ።»

ሙዚየሙ ከከተማው ጠርዝ፣ ከአውቶቡሱ የመጨረሻ ፌርማታ አሥር ደቂቃ በእግር ነው። መግቢያው ሰሞኑን ዋጋ ጨምሯል፤ ትኬት ቆራጯ ለመጣው ሁሉ «እኔ አይደለሁም የጨመርኩት» ማለት ልማዷ ሆኗል። ከትኬት መቁረጫው ጀርባ ሣር የበቀለበት የድሮ ማኮብኮቢያ አለ፤ ከማኮብኮቢያው ጫፍ ሃንጋሩ፣ የአውሮፕላኖቹ መጠለያ። የሙዚየሙን ኃላፊ በር ላይ ቆሞ አገኘችው። ሸሚዙ ኪስ ውስጥ ሦስት እስክሪብቶ የሚሰካ፣ ሲናገር ቃል የሚመዝን ሰው ነው። የማን ልጅ እንደሆነች የመጀመሪያውን ቀን ነግራዋለች፤ ለመደበቅ አላሰበችም። ከዘጠኝ ቁጥር ፊት የቆመው የናስ ሰሌዳ ላይ «በመካኒኩ ቸልተኝነት ሲያርፍ ጉዳት ደረሰበት» የሚል ዓረፍተ ነገር አለ፤ ከሥሩ የአባቷ ሙሉ ስም። ዓረፍተ ነገሩ እንዳለ ወደ መጽሐፉ ይገባል።

ስለ ሆድ ደብተሩ ስትነግረው ኃላፊው መነጽሩን አወለቀ። «እኔ በማንም ላይ ቂም የለኝም» አላት። «የመርማሪዎቹን ሪፖርት አነበብኩ፣ የጠረጴዛው ደብተር ላይ ምንም አልተጻፈም፤ ስለዚህ ቸልተኝነት አሉ፤ ስለዚህ እኔም ቸልተኝነት አልኩ። ጽሑፉ ካለ ፎቶውን አምጪልኝ፣ ሰሌዳውንም መጽሐፉንም አርማለሁ። ግን ዛሬ ነው። እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ካላደረስሽልኝ መጽሐፉ ማተሚያ ቤት ይገባል። ሰኞ ደግሞ ቀለም ቀቢዎቹ ይመጣሉ፤ ውስጡንም ውጪውንም ፍቀው ነው የሚቀቡት።»

ሃንጋሩ ውስጥ አምስት ተዋጊ አውሮፕላኖች አሉ። ሁለቱ ባለ ፕሮፔለር፣ ሦስቱ የመጀመሪያዎቹ ጄቶች ናቸው። ቀን በመብራት ሲታዩ ያሳዝናሉ፤ ጎማቸው ተንፍሶ በብረት ድጋፍ የቆሙ፣ መስታወታቸው የደበዘዘ፣ ቁጥራቸው የተላላጠ ሽማግሌዎች ናቸው። እሷ ግን የምታነሣቸው በጨለማ ነው። የሃንጋሩ ታላላቅ በሮች ይዘጋሉ፤ ዘበኛው ማብሪያ ማጥፊያው ጋ ይቆማል። «ዛሬስ ሙሽራዋ የትኛዋ ናት?» ይላታል ጠዋት ጠዋት። «ዘጠኝ ቁጥር» ስትለው፣ «እሷማ አፍንጫዋን ሰብራለች፤ ዓይነ ርግብ እንድትለብስ አድርጊያት» አለና መብራቱን አጠፋው።

ጨለማው ሲሞላ ካሜራውን ሠላሳ ሴኮንድ ክፍት ታደርገዋለች። በሠላሳ ሴኮንዱ ውስጥ ጥቁር ልብሷን ለብሳ፣ በእጇ ትንሽ ባትሪ ይዛ፣ በባዶ እግሯ በአውሮፕላኑ ዙሪያ ትሄዳለች። ብርሃኑን በክንፉ ጠርዝ ላይ እንደ ብሩሽ ታስኬደዋለች፤ በጅራቱ ላይ ታወጣዋለች፤ በሆዱ ሥር ታወርደዋለች። ካሜራው የሚያየው ብርሃን የነካውን ብቻ ነው። የሚያበራው ሰው አንድ ቦታ ቆሞ ካልቀረ በስተቀር ፎቶው ላይ አይታይም። ሦስት ቀን ሙሉ አራት አውሮፕላኖችን እንዲህ እየዳበሰች ስታነሣ፣ ራሷን የምታገኘው አንድ የታወቀ ሕልም ውስጥ ነበር። ልጅ ሳለች ሁለቱን ወሬዎች፣ አንዱን ከዚህ፣ አንዱን ከግድግዳው ማዶ፣ በአንድ ጊዜ እየሰማች ትተኛ ነበር። በሕልሟ ዘጠኝ ቁጥር አያርፍም። ከሰማይ ላይ ይዞራል፣ ይዞራል፤ ከታች አንዲት ሴትዮ ጃንጥላ ይዛ አንገቷን እያዞረች ትከተለዋለች፤ ከታች አንድ ሰው እጁን በጨርቅ ይጠርጋል፣ ይጠርጋል፣ እጁ ግን አይጸዳም። ማንም ድምፅ አያወጣም። ዝም ያለ፣ ሰማያዊ፣ አለማለቁ የማያስፈራ ሕልም ነበር። አሁንም ባትሪዋን በዘጠኝ ቁጥር ጀርባ ላይ ስታስኬድ ብረቱ የሞቀ መሰላት። ከጨለማው ውስጥ አንድ በአንድ የሚወጡት ምስማሮች፣ ከታች የሆነ ከተማ መብራቶች ይመስሉ ነበር፤ እሷም ከላይ፣ በጣም ከላይ፣ ቀስ ብላ የምታልፍ።

«አበራሁት!» አለ ዘበኛው፤ መሬቱ ተመለሰ።

ከሆዱ ሥር ካርቶን አንጥፋ በጀርባዋ ተኛች። የፊት ጎማው ጓዳ ሰው ትከሻው ድረስ የሚገባበት ጉድጓድ ነው፤ ውስጡን ዱሮ አንድ ሰው በስስ አረንጓዴ ቀለም ለቅልቆታል። በቀጥታ ስታበራበት አረንጓዴ እንጂ ሌላ የለም። ባትሪዋን ከጎን፣ ግድግዳውን እየታከከ እንዲያልፍ ስታጋድመው ግን ግድግዳው መናገር ጀመረ። የእርሳሱ ጥቁረት ከቀለሙ ሥር ተቀብሯል፤ እርሳሱ ተጭኖ ያለፈበት ጭረት ግን ጥላ እየጣለ ተነሣ። የብዙ ሰው እጅ ነው። «ይህን ብሎን ያጠበቀ ራሱ ይፍታው፣ እኔ ጥርሴም አለቀ።» ከሥሩ፦ «ፈታሁት። ጥርስህን እዚህ አግኝቻለሁ።» ሌላ ቦታ፦ «ቱቦው ተቀይሯል። ዛሬ ሐሩር ነው።» ብቻዋን እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ሳቀች፤ ሳቋ ብረቱ ውስጥ ዞሮ ሌላ ሰው የሳቀ መስሎ ተመለሰላት።

ከማጠፊያው በላይ፣ በስተግራ፣ የአባቷ እጅ ነበር። ፊደላቸውን ታውቀዋለች፤ የመጨረሻውን ፊደል እግር ሁልጊዜ ረዘም አድርገው ይስቡታል። ከጎኑ ባለ ስድስት ማዕዘን የብሎን ራስ ተሥሏል፤ ያኔ ሁሉም ሰው «ብሎን» ይላቸው ስለነበር በሆድ ደብተር ላይ የሚፈርሙት እንደዚያ ነበር። «የፊት እግር ዘይት ያፈሳል። አይብረር።» ቀኑም አለ፤ ያው ቀን ነው። ልቧ እንደ ልጅ ዘለለ። እውነታቸውን ነበር፤ ሠላሳ አንድ ዓመት እውነታቸውን ነበር። ባትሪዋን በደንብ ልትይዝ ስታወርደው ብርሃኑ አንድ ጣት ያህል ዝቅ አለ፤ ከመጀመሪያው ሥር ሌላ መስመር ተነሣ። መስመር የከፈተ ይዘጋዋል።

«እናቱ አጥሩ ጋ ቆመዋል። አንድ ዙር ብቻ።»

ያው እጅ። ያው የረዘመ እግር። ያው ባለ ስድስት ማዕዘን።

ምን ያህል ጊዜ ተኝታ እንደቆየች አታውቅም። ዘበኛው ጎንበስ ብሎ «እንቅልፍ ወሰደሽ እንዴ?» ሲላት ነው የነቃችው። ፎቶውን አነሣችው። አራት ጊዜ አነሣችው። እንግዲህ አውራ ጣቱም ነበረ፤ ጽሑፉም ነበረ። ማን እንደለቀቀው አላውቅም ከሚለው የአባቷ ቃል በቀር ሁለቱ ሽማግሌዎች አልዋሹም፤ የየራሳቸውን ግማሽ ብቻ ነበር ሠላሳ አንድ ዓመት ያወሩት። አባቷ ለመርማሪዎቹ ያላሳዩት ለምን እንደሆነም አሁን ገባት፤ የመጀመሪያውን መስመር ያየ ሁለተኛውን ማየቱ አይቀርም።

ኃላፊው በር ላይ ጠበቃት። «አገኘሽ?»

«አንድ መስመር አገኘሁ፤ ፎቶውን ከቤት እልከዋለሁ» አለች። «አንድ መስመር» ማለቷ ውሸት ይሁን አይሁን አውቶቡሱ ውስጥ ስታስበው ሄደች። ጠርዝ መቁረጥ ሥራዋ ነው። የተፋቱ አማቶችን ከሠርግ ፎቶ ላይ ቆርጣለች፤ በሙሽራ ጀርባ የሚያዛጋ አጎት ቆርጣለች፤ ማንም ውሸታም ብሏት አያውቅም፤ እንዲያውም እጅሽ ይባረክ ተብላለች። አንድ ጣት ያህል ነው። ሰኞ ግድግዳው ይፋቃል፤ ከዚያ በኋላ የቀረው መስመር የትም አይኖርም። አባቷ በሰባ አራት ዓመታቸው ስማቸው ይጸዳል። ከጎኗ የተቀመጡ ሴትዮ ስለ ሽንኩርት መወደድ ነገሯት፤ «ውይ» ብቻ አለች፤ ሴትዮዋም ሐዘን ላይ ያለች መሰላቸው መሰል፣ ትከሻዋን መታ መታ አድርገዋት ወረዱ።

ቤት ስትደርስ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ሆኗል፤ ፀሐይ ከኋላው መስኮት ገብታ የአባቷን ጉልበት ይዛለች። አጉሊ መነጽሩ ጠረጴዛው ላይ፣ ጨርቅ ላይ፣ ተወልውሎ ተቀምጧል። ላፕቶፗን ከፈተች። ፎቶውን ከሥር ቆርጣ፣ አስተልቃ፣ ከፊታቸው አደረገችው። ከግድግዳው ማዶ የጋሼ ሬዲዮ ስለ አየር ጠባይ ያወራል።

አባቷ መነጽሩን ስክሪኑ ላይ አስጠግተው ከቃል ወደ ቃል ሄዱ። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። የፊት እግር። ዘይት። አይብረር። ባለ ስድስት ማዕዘኑን በጣታቸው ነኩት። ደስ ይላቸዋል ብላ ጠበቀች። እሳቸው ግን መነጽሩን ሳያነሡ፣ «ትንሽ ዝቅ አድርጊው» አሏት።

«እዚህ ላይ ነው የሚያልቀው፣ አባዬ።»

«አያልቅም» አሉ። ቁጣ አልነበረበትም። «የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ የኔ ልጅ።»

ያኔ ለምን እንደላኳት ገባት። ራሳቸው መናገር ያቃታቸውን፣ ግድግዳው ከመፋቁ በፊት አንድ ሰው እንዲያነበው ፈልገው ነው። ሙሉውን ፎቶ ከፈተችው። መነጽሩን ወደ ታች አወረዱት፤ ሳያነቡ መልሰው ጨርቁ ላይ አስቀመጡት። «አንብቢልኝ» አሉ።

አነበበችው። ድምፅዋን ዝቅ ልታደርግ ፈልጋ ነበር፤ ግን በዚያ ቤት ውስጥ ዝቅ ያለ ድምፅ የሚባል የለም። «እናቱ አጥሩ ጋ ቆመዋል። አንድ ዙር ብቻ።»

ከማዶ ሬዲዮው ጠፋ። የአክስቷ ነጠላ ጫማ ወለሉ ላይ ሁለት እርምጃ ሄዶ ቆመ። ሰው ተደግፎት ኮምፖንሳቶው ሲጥ አለ።

«ብሎን» አለ የጋሼ ድምፅ። በመልእክተኛ አልነበረም። «ብሎን፣ አይተሃቸው ነበር?»

አባቷ ወደ ኮምፖንሳቶው ዞሩ፤ ዓይናቸው የማያየውን ፊት በትክክል የሚያዩ ይመስል። «ቢጫ ጃንጥላ ይዘው ነበር» አሉ። «ንፋሱ ይገለብጥባቸዋል፤ እሳቸው መልሰው ያቃኑታል። ከጠዋት ጀምሮ ቆመው ነበር። ውኃ ልልክላቸው ብዬ ሳልልክ ቀረሁ።»

 ከማዶ የምርኩዝ ጫፍ ወለሉን አንዴ መታ፤ ሰው ሊነሣ ሲል እንደሚያደርገው።

ስልኳ ጠራ። የሙዚየሙ ኃላፊ ነው፤ አሥራ ሁለት ሊሆን አሥር ደቂቃ ይቀራል። «እየጠበቅኩሽ ነው» አላት። «ፎቶውን ልትልኪልኝ ነው? ዓረፍተ ነገሩንስ ምን ልበል?» ስልኩን ከጆሮዋ አራቀችውና አባቷን አየቻቸው።

አባቷ አጉሊ መነጽሩን ጨርቁ ውስጥ ጠቀለሉት። ከዚያ ለእሷም፣ ለስልኩም፣ ለግድግዳው ማዶም በሚሰማ ድምፅ እንዲህ አሉ፦ «ሁለቱንም መስመር ላኪለት። ቸልተኝነት የሚለውን ግን ያጥፋው በይው፤ ቸል አላልኩም። አይቼ፣ አውቄ ነው የለቀቅኩት። ስሜን ከዚያ አያንሣው፤ እንደዚያ ብሎ ይጻፍበት።»